ስካን አድርጌዋለሁ፤ ግን የታለ?

ስልኬ "ተቀምጧል" ሲለኝ "የት?" ብዬ መጠየቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የጀመርኩበትን ሌሊት በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ለሥራ እያመለከትኩ ነበር። የማመልከቻው ገጽ የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ በሙሉ በአንድ ፒዲኤፍ፣ ከ5 ሜጋባይት ያልበለጠ፣ ይላል። የእኔ ማስረጃ ተሰብስቦ 11 ገጽ ሆነ። ስካነር የለኝም። ስልክ ግን አለኝ፤ ጉግል ድራይቭ ወረቀት ስካን እንደሚያደርግም አውቃለሁ። የመደመር ምልክቷን መንካት፣ "ስካን" የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ማነጣጠር ነው። ላፕቶፑ ላይ ድራይቭን ከፍቼ ፋይሉን አወርዳለሁ፣ ማመልከቻው ላይ እጭናለሁ፣ እተኛለሁ። ሒሳቤ ይሄ ነበር። የተቀመጥኩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ጊዜም ተርፎኛል ብዬ ነበር።

ስካኑ ራሱ ቆንጆ ሄደ። መጀመሪያ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ሳደርገው ስልኩ የወረቀቱን ጠርዝ ማግኘት አቃተው። ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ከየት ይለየዋል? ጥቁር ሹራቤን አንጥፌ ወረቀቱን ከላዩ ሳስቀምጥ ግን አራቱንም ማዕዘን ወዲያው ያዘ። የእጄ ጥላ እንዳያርፍበት መብራቱን ወደ ጎን አዞርኩት። አንዱ ዲፕሎማ በላስቲክ የታሸገ ስለሆነ ፍላሽ ሲበራ መሃሉ ላይ ነጭ ጨረቃ ትወጣ ነበር፤ ፍላሹን አጥፍቼ በመስኮቱ በኩል በገባው የውጭ መብራት አነሳሁት። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ፣ 11ዱንም ጨረስኩ። ስልኩ አሥራ አንዴ "ተቀምጧል" አለኝ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ድራይቭ ውስጥ ገባሁ። ምንም የለም።

ገጹን ደጋግሜ አደስኩት። "የቅርብ ጊዜ" የሚለውን ክፍል አየሁ፤ የመጨረሻው ፋይል የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው። እንደገና አደስኩት። ሰዓቱን አየሁ፤ 4 ሰዓት አልፏል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ስልክሽ ላይ ምን ይላል?"

"ተቀምጧል ይላል።"

"የት?"

"ምን ማለትህ ነው የት? ድራይቭ ላይ ነዋ!"

"የማን ድራይቭ ላይ?"

ታናሼ ነው። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቅ ድምፁ ውስጥ ያለችው ሳቅ ታናድደኛለች፤ የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትክክል ስለሚሆን ነው። ሁለት የኢሜይል አካውንት አለኝ፤ አንዱ የግሌ፣ አንዱ የሥራ። ስልኬ ላይ ድራይቭ የተከፈተው በግሌ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ብራውዘሩ መጀመሪያ የሚከፍተው የሥራውን ነው። በቀኝ በኩል ከላይ ያለችው ክብ ምስል ማን ሆነሽ እንደገባሽ ትናገራለች፤ ለዓመታት አይቻት አላየኋትም። ስካን አድርጎ ለማስቀመጥ ሲባልም ከፋይሉ ስም ሥር አካውንቱና ፎልደሩ ተጽፎ ይመጣል፤ እሱንም ሳላነብ ነው የማልፈው። ድራይቭ ጥፋት የለበትም፤ ያልኩትን ነው ያደረገው።

አካውንቱን ቀየርኩ። አሁንም የለም!

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የረቀቀብኝ። የቤቱ ኢንተርኔት የዚያን ቀን ስላልሠራ ላፕቶፑን ያገናኘሁት በስልኬ ሆትስፖት ነው። ላፕቶፑ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ገጾች ይከፈታሉ። በእኔ ቤት ሁሉም ነገር "ዋይፋይ ላይ" ነው። ስልኩ ግን ዋይፋይ ላይ አይደለም። ስልኩ ዋይፋይ ሰጪው ነው፤ ራሱ የሚጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው። የድራይቭ ቅንብር ውስጥ ደግሞ "ፋይሎችን በዋይፋይ ብቻ አስተላልፍ" የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ዳታ እንዳይበላብኝ ብዬ ራሴ ያበራሁት ነው፤ መቼ እንደሆነ እንኳን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ 11ዱ ፋይሎች ስልኬ ውስጥ ተሰልፈው ዋይፋይ እየጠበቁ ነበር። ዋይፋይ የሚያድለው ስልክ ውስጥ ተቀምጠው! ውሃ ቀጂ ሆኖ መጠማት ማለት ይሄ ነው።

ለነገሩ ስልኩ ነግሮኝ ነበር። ከላይ ጎትቼ የማወርዳት የማሳወቂያ መጋረጃ ላይ "ዋይፋይ በመጠበቅ ላይ" የምትል መስመር ነበረች። ከሰላሳ ምናምን የቴሌግራም መልእክት ሥር ተቀብራ። ማን ያያታል?

ማብሪያውን አጠፋሁት። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ላፕቶፑ ላይ መታየት ጀመሩ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ የመጣው 11 ፒዲኤፍ ነው። ማመልከቻው የሚፈልገው አንድ። አንድ ገጽ ካነሳሁ በኋላ ገጽ የሚጨምረውን ምልክት መንካትና መቀጠል ሲገባኝ፣ በየገጹ "አስቀምጥ" እያልኩ ነበር የወጣሁት። በቃ፣ ሹራቡን መልሼ አነጠፍኩ። በሁለተኛው ዙር 11ዱንም በአንድ ፋይል አነሳሁና ከመዝጋቴ በፊት ገጾቹን በጣቴ እየገፋሁ አየኋቸው። ገጽ 7 ተገልብጦ ነበር፤ አዞርኩት።

መጠኑ ደግሞ ከ5 ሜጋባይት በለጠ። ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ቀለለ፤ ግን የዩኒቨርሲቲው ማህተም ጠፋ። ሰማያዊ ማህተም፣ ዱሮውኑም የደበዘዘ፣ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የጣት አሻራ መሰለ። ማህተም የሌለው ማስረጃ ልላክ እንዴ? ማህተም ያለባቸውን ገጾች በቀለም፣ የቀሩትን በጥቁርና ነጭ አድርጌ አጣጣምኩት። የላክሁት ለ6 ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሥራውን አላገኘሁትም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ከዚያ ሌሊት በፊት የምጠቀመው የቴሌግራምን "ሴቭድ ሜሴጅስ" ነበር። አሁንም ለአንድ ወረቀት፣ ለአንድ ጊዜ ከሆነ፣ ከእሱ የሚፈጥን አላውቅም። ስልክ ላይ ወደ ራስሽ ትልኪያለሽ፣ ኮምፒውተር ላይ ትከፍቻለሽ፣ አለቀ። ብቻ በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት መላክ ያስፈልጋል። በፎቶነት ከተላከ ይጨመቃል፤ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ መታወቂያሽን ፍለጋ ስትወጪ በቀልድ ቪዲዮና በምግብ አሠራር መሃል ነው የምትንከራተቺው። መሳቢያ አይደለም፤ ወንዝ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ወረቀቱን በተራ ካሜራ አንስቶ ድራይቭ ውስጥ መፈለግ ነው። በካሜራ የተነሳ ፎቶ የሚገባው ጋለሪ ነው፤ ባክአፕ ከበራ ደግሞ ጉግል ፎቶስ ውስጥ። በፊት ሁለቱ ይገናኙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ግን ፎቶዎች በራሳቸው ወደ ድራይቭ መግባታቸው ቀርቷል። ቦታው ግን የጋራ ነው። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉም፣ ለድራይቩም፣ ለፎቶዎቹም ነው። ሲሞላ ስካን መጫን ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ኢሜይልም አይገባም።

አይፎን ያላቸው ጓደኞቼ ሌላ አፕ ሳያወርዱ ነው የሚገላገሉት። ኖትስ ውስጥ ሰነድ ስካን ማድረግ የተቻለው በአይኦኤስ 11 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፋይልስ የሚባለው አፕ ውስጥ ገባ። እኔ የፋይልሱን ነው የምመክረው፤ ቀጥታ ፒዲኤፍ ሆኖ አይክላውድ ድራይቭ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ቢሆንም በብራውዘር አይክላውድ ዶት ኮም ገብቶ ማውረድ ይቻላል። ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭም እንደዚያው። ድሮፕቦክስ 2 ነው። ለወረቀት ብቻ ከሆነ 2ም ይበቃል፤ የሚሞላው ቪዲዮ ነው።

ዋናው ነገር ስካን የሚያደርገው አፕ የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ነው። ለምሳሌ አዶቢ ስካን የሚያስቀምጠው የአዶቢ የራሱ ክላውድ ላይ ነው። በስልክሽ ስካን አድርገሽ ጉግል ድራይቭ ውስጥ ብትፈልጊው እስከ ነገ አታገኚውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ በአዶቢ አካውንት ነው የሚገባው። አፕም ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። ማይክሮሶፍት ሌንስን የሚወዱት ስንት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ማይክሮሶፍት ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ። ካምስካነርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ካስፐርስኪ የሚባለው የደህንነት ኩባንያ የአንድሮይዱ አፕ ውስጥ ጎጂ ኮድ እንዳገኘ ሲያሳውቅ፣ ጉግል ከፕሌይ ስቶር አውጥቶት ነበር። በኋላ ተስተካክሎ ተመለሰ። ይህንን የማነሳው ላስፈራራ አይደለም። ስካን የምናደርገው ነገር መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የሕክምና ውጤት ነው። በየሄድንበት ያገኘነውን አፕ እያወረድን የምናሳየው ወረቀት አይደለም።

ስልኩና ላፕቶፑ ከታረቁ በኋላ የመጣው ትልቁ ሥራ የእማዬ ነው።

እማዬ የዓመታት የሕክምና ወረቀቷን በአንድ ፌስታል ቋጥራ ነው የምታስቀምጠው። አዲስ ሐኪም ባየች ቁጥር ፌስታሉ ይፈታል፣ ወረቀቱ አልጋ ላይ ይበተናል፣ የሚፈለገው ውጤት ይጠፋል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከመነጽር ማኅደሯ ውስጥ ይገኛል። አንድ ቅዳሜ ወንድሜና እኔ ሁሉንም ስካን እናድርገው ብለን ተነሳን። እሱ ያነሳል፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ ስም እሰጣለሁ። ስልኩ በራሱ የሚሰጠው ስም "ስካንድ" ብሎ ቀንና ሰዓት በቁጥር የደረደረ ነው። ቀኑ ደግሞ ስካን የተደረገበት እንጂ ምርመራው የተደረገበት አይደለም። ስልሳ ወረቀት በአንድ ቅዳሜ ስታነሺ ስልሳውም የአንድ ቀን ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ ስም አወጣጥ ላይ ተከራከርን። እኔ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ይጻፍ አልኩ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ በስም ሲደረድራቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። እሱ "የደም ምርመራ 1"፣ "የደም ምርመራ 2" እያለ መቀጠል ፈልጎ ነበር። "የደም ምርመራ 10" ከ"2" በፊት ሲመጣበት ተወው።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ከወራት በኋላ የልብ ሐኪሟ ያዘዘላትን ወረቀት ፈልጌ "ሀኪም" ብዬ ጻፍኩ። አልመጣም። ስካን አድርገነዋል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አካውንቱን አየሁ፣ ትክክል ነው። ፎልደሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳይ ተገኘ፤ ወንድሜ "ሐኪም" ብሎ ነበር የጻፈው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ ሌላ፣ ሐ ሌላ፣ ኀ ሌላ ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ትምህርት ቤት "የትኛውም ቢሆን ያው ነው" ብላ ያለፈችኝን መምህሬን አስታወስኳት። አሁን ለፋይል ስም ሕግ አለን፤ ሁልጊዜ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ። አጻጻፉ ያማል፤ የቋንቋ ሰዎች ይቅር ይበሉን። ድራይቭ ፒዲኤፉ ውስጥ ያለውን የታተመ ጽሑፍ ጭምር ለማንበብ ይሞክራል፤ በእንግሊዝኛ የታተመ የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ተስፋ የለኝም። ፋርማሲስት ብቻ ነው የሚያነበው።

ፎልደሩን ለወንድሜ አጋርቼዋለሁ። በኢሜይሉ ስም ነው ያጋራሁት እንጂ "ሊንኩ ያለው ሁሉ" በሚለው አይደለም። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ የእማዬ የስኳር መጠን ዞሮ ዞሮ የሰፈር ወሬ እንዲሆን አልፈልግም። አካውንቴ ላይም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቻለሁ። በሰው ኮምፒውተር መክፈት የግድ ሲሆን በግል መስኮት እገባለሁ፣ ስጨርስ እዘጋዋለሁ፣ ያወረድኩትን ደግሞ ከ"ዳውንሎድስ" አጠፋለሁ። ይሄኛው ነው የሚረሳው። መስኮቱ ተዘጋ ማለት የወረደው ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም።

ማጋራት ሲባል ግን አንድ ቀን ወንድሜ ጉድ ሊሠራን ነበር። ስልኩ ሞልቶ "ቦታ ላስለቅቅ" ብሎ ድራይቭ ውስጥ ገብቶ ስካኖቹን ሰረዘ። ራሱ የጫናቸው ስለሆኑ ባለቤታቸው እሱ ነው። "ስልኬ ላይ ያለውን ነው የሰረዝኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አለ አይደል?" አለኝ። የለም! ስልኩ ላይ የሚታየውና ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ሁለት ቅጂ አይደለም፤ አንዱ ፋይል በሁለት መስኮት ነው የሚታየው። ደግነቱ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ የገባ ነገር 30 ቀን ይቆያል። አምስተኛው ቀን ላይ ነበርን፤ መለስናቸው። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ሌላ ቅጂ ላፕቶፑ ላይና ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ። የማየት መብት ብቻ ቢኖረው ኖሮስ? እኔ በጫንኩት ላይ ይሠራል፤ እሱ በራሱ የጫነው ላይ ግን አዛዡ ራሱ ነው።

ላፕቶፑ ላይም የኮምፒውተሩን የድራይቭ ፕሮግራም ጭኛለሁ። ፋይሎቹ እንደ አንድ ዲስክ ሆነው ይመጣሉ፤ ብራውዘር መክፈት ቀረ። ግን እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። ስሙን ታያለሽ ማለት ፋይሉ ላፕቶፑ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ሁለት አሠራር አለው፤ አንደኛው ፋይሉን ሲከፈት ብቻ ከኢንተርኔት ያመጣል፣ ሌላኛው ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል። እኔ በመጀመሪያው ላይ ሆኜ፣ ኢንተርኔት በሌለበት መንገድ ላይ አንድ ውል ልከፍት ስል ስሙን እያየሁ ቀረሁ። አሁን አስፈላጊ ፎልደሮችን በቀኝ ክሊክ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርጌያቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ቀጠሮ ነበራት። ሐኪሙ የቀድሞውን የራጅ ሪፖርት ጠየቃት። ወረፋ ላይ ሆና ደወለችልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ላፕቶፑ ላይ በዓመቱ ፈልጌ አገኘሁትና ላክሁላት። ሐኪሙ በስልኳ አጉልቶ አነበበው። ማታ ቤት ስመጣ በጣም ተደስታ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ወረቀት አሁን የት ነው ያለው?" አለችኝ።

"ክላውድ ላይ ነው እማዬ። ደመና ላይ እንደማለት።"

ትንሽ አሰበች። "ሲዘንብስ?"

ስቄ ስቄ ሳበቃ፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ በብዙ ቦታ ተባዝቶ ይቀመጣል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰማችኝ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አልጋው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ሰብስባ ፌስታሉ ውስጥ ከተተቻቸውና ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።